የመጀመሪያ ክሮለሬን ልገዛ ነው፤ የቱን ልውሰድ? ቀድሜስ ምኑን ልቀይር?

የአውሮራው (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ዛሬ ልጠይቅ መጣሁ። ክሮለር መግዛት ፈልጌያለሁ። ያው ቀስ ብሎ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወጣውን የሪሞት መኪና ማለቴ ነው። ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት የሪሞት መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ አብረን ነው የምንነዳው። ቢያንስ ሰበቡ እሱ ነው።

በጀቴ ባትሪና ቻርጀር ጨምሮ ወደ 500 ዶላር ነው። ከዚያ ካለፍኩ እቤት የሚጠብቀኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ግራ መጋባቴ ባሰ። አንዱ 1:10 (ከእውነተኛው መኪና አሥር ጊዜ የሚያንሰው) ካልሆነ አትግዛ ይላል፤ ሌላው 1:24 ይበቃሃል ይላል። አንዱ ከካርቶኑ እንዳወጣህ ሞተሩን ቀይር ይላል፤ ሌላው የለም ጎማውን ይላል። የቱ መጠን ነው የሚሻለኝ? ተገጣጥሞ የመጣ ልግዛ ወይስ ራሴ የምገጥመው? መጀመሪያ የሚቀየረውስ ምኑ ነው? ድንጋይ እንደሆነ እዚህ ችግር የለም፤ ወደ ጎልደን ከተማ ወጣ ካልን ሞልቷል።

ሚሚ_ክሮለር (ዳላስ)

እንኳን ወደዚህ ሱስ በደህና መጣህ። መጠኑን ከመምረጥህ በፊት አንድ ነገር አስብ፤ አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትነዱት? ጎልደን ቅዳሜና እሁድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ሳሎን ነው፣ በተለይ የእናንተ በረዶ ሲጀምር።

የ1:24 መኪና ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። የሶፋ ትራስ ተራራ ይሆንለታል። ጥቂት መጽሐፍና አንድ ባልዲ ድንጋይ ካለህ መንገድ ሠራህ ማለት ነው። ይሄ መጠን የገነነው አክሲያል በ2019 ኤስሲኤክስ24ን ካወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ ኤፍኤምኤስ በኤፍሲኤክስ24 ተከተለ፤ እሱ ሁለት ማርሽና ፖርታል አክስል አለው። ትራክሳስ ደግሞ በ2022 ቲአርኤክስ-4ኤምን አመጣ። እሱ 1:18 ነው፣ ከ24ቱ ከፍ ይላል። ቤትም ይነዳል፣ ደጅ ጠጠርና ሣር ላይም አያፍርም።

እኔ አንተን ብሆን 500 ዶላሩን አንድ ትልቅ መኪና ላይ አላፈሰውም። ሁለት 1:18 እገዛበታለሁ። አንድ መኪና ለሁለት ሰው ጠብ ነው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው «ተራዬ ደርሷል» ሲል ይውላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ ታዲያ። መለዋወጫውም ባትሪውም ይዋዋሳል።

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሚሚን አከብራታለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አንስማማም።

መኪናው ሲያንስ ድንጋዩ አብሮ አያንስም። ለ1:10 መኪና ደረጃ የሆነው ድንጋይ ለ1:24 ግንብ ነው። ትንሹ መኪና ክብደት ስለሌለው ሾኩም በወጉ አይሠራም። ጎማው ድንጋዩ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ይነጥራል። የ1:10 መኪና ከነባትሪው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። ያ ክብደት ጎማውን ይጫነዋል፣ ጎማው ይተጣጠፋል፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይቆነጥጣል። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ዕቃ ነው። 1:10 ላይ የአንዱ ፋብሪካ የሌላው ላይ ይገጥማል። ቸርኬው 1.9 ኢንች ነው፣ የሚታሰርበት ባለ ስድስት ማዕዘን ደግሞ 12 ሚሊ። ሰርቮውም፣ ያ መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ መደበኛ መጠን ነው። ከዛሬ 10 ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ላይ ዛሬ የተገዛ ጎማ ታስራለህ።

ምርጫህ ብዙ ነው። አክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሦስተኛው ትውልድ በ2020 የወጣ ነው። ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 የ2017 ነው፤ ዲፈረንሻሉን ከሪሞቱ ላይ ትቆልፋለህ (የግራና የቀኙ ጎማ እኩል እንዲዞር)፣ ትከፍታለህ፣ ሁለት ማርሽም አለው። ድንቅ መኪና ነው፣ ግን ውስጡ ብዙ ነገር ስላለ ሲበላሽ ፈቶ መግጠሙ ጊዜ ይበላል። ኤለመንት ኢንዱሮ ቀለል ያለ ነው፤ ዲፈረንሻሎቹ ሁልጊዜ እንደተቆለፉ ናቸው፣ የሚሰበር ነገሩ ትንሽ ነው። ለጀማሪ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ተገጣጥሞ የመጣውን ግዛ። ራስህ የምትገጥመው ካርቶኑ ላይ ያለው ዋጋ ያታልላል። ሞተር የለውም፣ ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ዕቃ) የለውም፣ ሰርቮ የለውም፣ ሪሞት የለውም። አንዳንዱ ጎማም የለውም። ደምረህ ስታየው ከተገጣጠመው ያልፋል። የመግጠም ፍቅር ካደረብህ ሁለተኛው መኪናህ ላይ ትወጣዋለህ።

ቱርቦ_77

ብራሽለስ ሞተር (ካርቦን የሌለው፣ ጉልበተኛው)፣ 3ኤስ ሊፖ ባትሪ፣ አለቀ። ምንም ነገር አያቆመውም 🔥

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቱርቦ፣ ያቆመዋል እንጂ። ሰማይ እያየ በጣሪያው ተኝቶ ይቆማል።

ሰውየው የሚገዛው ፈረስ አይደለም፣ በቅሎ ነው። እዚህ ጨዋታ ላይ የሚፈለገው ጎማው ግማሽ ዙር ዞሮ፣ ድንጋዩን ነክቶ፣ ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ብራሽ ሞተር፣ ያ ካርቦን ያለው ተራው፣ ለዚያ ከበቂ በላይ ነው።

የአውሮራው

ጋሼ፣ «ቲ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው? 35ቲ፣ 55ቲ እያሉ ይጽፋሉ። ኦቨርድራይቭም ፖርታልም አልገባኝም። ዲፈረንሻል መቆለፉን እንኳ ከላንድክሩዘር አውቀዋለሁ።

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቲ ሞተሩ ውስጥ ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ሞተሩ ይዘገያል፣ አነዳዱም በጣም ለስላሳ ይሆናል። 35ቲ ለሁሉም የሚሆን ነው፤ መንገድ ላይም ይሄዳል፣ ድንጋይም ይወጣል። 55ቲ ድንጋይ ላይ ግሩም ነው፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ድንጋዩ ድረስ ግን እንቅልፍ ይወስድሃል።

ፖርታል ማለት ጎማው ጋ ተጨማሪ ጥርሶች ተገጥመው አክስሉ ከጎማው መሃል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ዲፈረንሻሉ ከመሬት ይርቃል፣ ድንጋይ አይነካውም። ሴሚያክሱ ላይ የሚመጣው ጫናም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ቅነሳ የሚሠራው ጎማው ጋ ነው። ጉዳቱ፣ መኪናው ሁለመናው ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ደግሞ ቶሎ ይገለበጣል።

ኦቨርድራይቭ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ትንሽ ፈጠን ብለው ሲዞሩ ነው። ፊቱ ይጎትታል፣ ቀጥ ያለ ነገር ላይ አፍንጫው እንዳይነሳ ይረዳል። ጠባብ ቦታ ላይም መኪናው በትንሽ ክብ ይዞራል። ኢንዱሮ ላይ ካምቢዮው ውስጥ አለልህ። ሌሎቹ ላይ ጥርስ ቀይረህ ታመጣዋለህ። ለመጀመሪያ መኪና አያስጨንቅህ።

ጎሚስታው (አዲስ አበባ)

ሰላም ነው ቤተሰብ። የእኛን የድሃ ወገን ድምፅ ላሰማ።

እዚህ ኢንዱሮና ቲአርኤክስ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ አንለፋም። በሰው በሰው ነው የሚመጣው። አብዛኞቻችን የምንነዳው ደብሊውፒኤልና ኤምኤን ነው። የደብሊውፒኤሉ ሲ24 1:16 ነው። ኤምኤን 90 ደግሞ 1:12 ሆኖ ዲፌንደር የሚመስለው ነው፣ ባሌስትራ ያለው። ርካሽ ናቸው፣ ፕላስቲክ ይበዛባቸዋል። ግን ፍታ ግጠም ለመልመድ የሚሻላቸው የለም። ቢበላሹም አያስለቅሱም።

ስለ መቀየር ከተነሳ የእኔን ዘዴ ልንገርህ። ስሜም ከዚህ ነው የመጣው። ጎማ ቤት ሂድና መኪና ሲባላንስ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈውን ክብደት ጠይቅ። ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁራጭ ሆኖ ጀርባው ላይ ማጣበቂያ አለው። የፊት ጎማውን አውጣና ቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን ለጥፈው። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ከዚያ መልሰህ እሰርና ያው አቅቶህ የተውከው ድንጋይ ላይ መልሰው። አዲስ መኪና የገዛህ ይመስልሃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ነው የሚወድቀው። ፊቱ ከከበደ አይነሳም። ክብደቱ ታች ጎማው ጋ ከሆነ ደግሞ በጎኑም አይጋደምም። ጣሪያው ላይ ጀሪካንና ፍራሽ የሚጭኑ ልጆች አሉ፣ ሲያዩት ያምራል። ድንጋይ ላይ ግን ቀድመው የሚገለበጡት እነሱ ናቸው። (እኔም ጀሪካን አለኝ። ባዶ ነው።)

ሚሚ_ክሮለር (ዳላስ)

የጎሚስታው ዘዴ ምርጥ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ክብደቱ እርሳስ ከሆነ ልጁ እንዳይነካካው፣ አንተም ስትጨርስ እጅህን ታጠብ። አሜሪካ ከብረት ወይም ከዚንክ የተሠራ ታገኛለህ፣ እሱን ውሰድ።

ለትንንሾቹ ደግሞ ከናስ የተሠሩ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። የዲፈረንሻል ክዳን፣ የፊት ጎማ መያዣ፣ የቸርኬ ውስጥ ቀለበት። እንደ ኢንጆራ ያሉት የሚሠሯቸው ዋጋቸው አይጎዳም። ግን ያየኸውን ናስ ሁሉ አትጫንበት። የ1:24 ሞተርና ሰርቮ ጥቃቅን ነው። ክብደቱ ሲበዛ ሰርቮው መሪውን ማዞር ያቅተዋል፣ ሞተሩም ይግላል። መጀመሪያ ፊቱን ብቻ፣ ከዚያ ነድተህ እይ።

የአውሮራው

እሺ፣ ክብደት ገብቶኛል። ፊት ይበልጣል፣ ታች ይሆናል። ስንት በመቶ ፊት፣ ስንት በመቶ ኋላ የሚባል ነገር አለ?

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ብዙ ሰው 60 ፊት፣ 40 ኋላ ይላል። ጥሩ መነሻ ነው። የኩሽና ሚዛን ላይ የፊት ጎማዎቹን አስቀምጥ፣ የኋላዎቹ በእኩል ከፍታ መጽሐፍ ላይ ይሁኑ፣ አንብበው። ከዚያ አገላብጠው። ባትሪውን ከኋላ አውጥተህ ፊት ላይ ማሰር ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነፃ ነው ደግሞ።

ግን ከቁጥር ይልቅ የማምነው ሌላ ነገር አለ። አንድ ጣውላ ወስደህ መኪናውን በጎኑ አግድም አቁምበት። እንዳይንሸራተት የታችኛው ጎማ ጋ ቀጭን እንጨት ምታበት። ከዚያ ጣውላውን በአንድ ወገን ቀስ እያልክ አንሳ። የላይኞቹ ጎማዎች ጣውላውን ሲለቁ አቁምና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። አንድ ነገር በቀየርክ ቁጥር ይሄን ድገም። ምልክቱ ከፍ ካለ የገዛኸው ዕቃ ጠቅሟል። ዝቅ ካለ ማስታወቂያ ነው የገዛኸው። ትልልቅ ጎማ፣ ረጅም ሾክ፣ የጣሪያ መደርደሪያ፣ ሁሉም እዚች ጣውላ ላይ ሚስጥሩ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። መጀመሪያ ምንም አትቀይር። ካርቶኑን ከፍተህ እንዳለ ንዳው። መኪናው የት የት እንደሚያቅተው ራሱ ይነግርሃል። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ጎማ ይቀድማል። ጎማውን በአውራ ጣትህ ተጫነው። እንደ ጫማ ሶል ጠንካራ ከሆነ የትኛውም ሞተር ድንጋይ ላይ አያወጣውም። ለስላሳ ጎማ ግዛ። ፕሮላይን ሃይራክስ ሲወራለት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎማው እኩል ግን ውስጡ ያለው ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ በጣም ለስላሳ ከሆነ ጎን ላይ ጎማው ተጣጥፎ መኪናው ይጋደማል፤ በጣም ጠንካራ ከሆነ ጎማው ድንጋዩን አይቆነጥጥም። ውጪው ለስላሳ፣ ውስጡ ጠንካራ የሆነ ባለ ሁለት ድርብ አለ፣ እሱ ሁለቱንም ያስታርቃል። ቸርኬው በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ስፖንጁን መቀየር መከራ ነው። በብሎን የሚጨብጠውን ዓይነት ግዛ። ቸርኬው ወይም ጎማው ላይ አየር መውጫ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጥ፤ ከሌለ ጎማው እንደ ፊኛ ይነጥርብሃል።

ቀጥሎ ክብደት። ጎሚስታው ነግሮሃል።

ቀጥሎ ሰርቮ። ፊቱ ሲከብድ፣ ጎማው ሲለሰልስ፣ ከፋብሪካ የመጣው ሰርቮ ያቃስታል። ድንጋይ መሃል ተቀርቅረህ መሪውን ስታዞር ጎማው ካልዞረ እሱ ነው። ለ1:10 ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚባለው፣ ጥርሱ የብረት የሆነ ይበቃሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ጉልበተኛ ሰርቮ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ያን የሚሰጠው ኢኤስሲው ውስጥ ያለው ቢኢሲ የሚባለው ክፍል ነው። እሱ ደካማ ከሆነ መሪውን ከድንጋይ ጋር ስታታግል መኪናው ባንዴ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ መልሶ ይነሳል። ሰዉ ሪሞቱ ተበላሸ ብሎ ሌላ ሪሞት ይገዛል። ሪሞቱ ደህና ነው። የውጪ ቢኢሲ ጨምርበት፣ ጥቂት ዶላር ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ካስፈለገ፣ ኢኤስሲና ሞተር። ሆቢዊንግ 1080 ለብራሽ ሞተር ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው፤ በትንሽዬ ካርድ ታስተካክለዋለህ። ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። እጅህን ከነዳጁ ስታነሳ መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ወደ ኋላ መንሸራተት የለበትም። እሱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው። ብራሽለስ ካማረህም ቱርቦ እንዳለው አይደለም፤ ለክሮለር ተብሎ የተሠራ አለ፣ ሆቢዊንግ ፊውዥን ሞተሩንና ኢኤስሲውን አንድ ላይ ያደረገ ነው። በጣም ዝግ ብሎ ሲሄድ እንደ ሰዓት ነው። ግን የመጨረሻ ነው ያልኩህ የመጨረሻ ስለሆነ ነው።

ቱርቦ_77

ጋሼ ፊውዥንን ካመሰገኑማ እኔ አሸነፍኩ ማለት ነው 😂

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል።

ማሜ_ዱባይ

ዘግይቼ ደረስኩ። ከእኛ ወገን ስለ ውሃና አሸዋ ልናገር፣ ሐታ በኩል ዋዲ (የደረቀ ወንዝ) ውስጥ ነው የምንነዳው።

«ውሃ አያስገባም» ተብሎ የተጻፈው ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ኩሽኔታውና ብራሽ ሞተሩ ግን ውሃ አይወዱም። ውሃ ውስጥ ከገባችሁ የዚያኑ ቀን ጎማዎቹን አውጥታችሁ በአየር ንፉት፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ለነገ ከተባለ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ መጮህ ይጀምራል። አሸዋ ደግሞ ሾኩ ዘንግ ላይ ተለጥፎ ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ዘይቱ ይፈሳል። ብሩሽ አይለያችሁ።

የፀሐይ ነገር ለአውሮራው አያሳስብም መሰለኝ። እዚህ ግን በበጋ ሊፖ ባትሪ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ እብደት ነው።

የአውሮራው

ማሜ አመሰግናለሁ። ባትሪውን ካነሳኸው፣ እኔም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሊፖ ይቃጠላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጅ አለ እቤት።

ሚሚ_ክሮለር (ዳላስ)

መፍራትህ ጥሩ ነው፣ ግን ሕጉ ቀላል ነው። ሊፖ በሴል ነው የሚቆጠረው። 2ኤስ ማለት ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ሲወርድ ከ3.2 በታች አታድርሰው፣ ይሞታል። ለብዙ ቀን የማትነዳው ከሆነ ሞልተህም አራግፈህም አታስቀምጠው፤ 3.8 አካባቢ አድርገው። ደህና ቻርጀር ላይ «ስቶሬጅ» የሚል አለ፣ እሱ ራሱ ያደርገዋል።

ስትሞላ አጠገቡ ሁን። ተኝተህ አትሙላ። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ካበጠ አበቃ፣ አትጠቀምበት፤ ባትሪ ወደሚቀበሉበት ቦታ ውሰደው እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው። ለአንተ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ፣ ከበረዶ እንደገባህ ቀዝቃዛውን ባትሪ ቻርጀር ላይ አትሰካ። ቤት ውስጥ ይሙቅ መጀመሪያ። ብርድ ላይ ቶሎ ቢያልቅብህም አትደንግጥ፣ ጠባዩ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ኢኤስሲው ሊፖ ላይ መደረጉን እይ። ኒኬል ባትሪ ላይ ከተተወ ሊፖው ሲያልቅ ማቆሙን አያውቅም፣ ባትሪውን ይገድለዋል። ኒኬል ባትሪ ይዞ የሚመጣ መኪና ካገኘህም አትናቀው። 7.2 ቮልት ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ለልጅ ጭንቀት የለውም።

ጎሚስታው (አዲስ አበባ)

ባትሪ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። 2ኤስ 5000 ሚሊአምፒር ሁለት ባትሪ ላስመጣ አስቤያለሁ። አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል?

ሚሚ_ክሮለር (ዳላስ)

ይፈቀዳል፣ ግን ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ለብቻው ያለ ባትሪ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው። መጠኑ በዋት ሰዓት ነው የሚለካው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው እስከ 100 ነው። የአንተ 7.4 ሲባዛ በ5 አምፒር፣ 37 ይመጣል። በደህና ያልፋል። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፈኑ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፌስታል ይግባ። ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላ። የአየር መንገዱን ደንብም ከመሄዷ በፊት ትጠይቅ፣ በቁጥር ሊገድቡ ይችላሉ።

ጎሚስታው (አዲስ አበባ)

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ባለፈው አንዱ ወዳጄ ሻንጣ ውስጥ ከቶ ነው የተወሰደበት።

ለአውሮራው አንድ ያላለቀ ነገር፣ ብሎን። አዲስ መኪና ሲመጣ ብሎኖቹን ሁሉ አንዴ ዞር ዞር እያልክ ፈትሻቸው። የፋብሪካ እጅ አንዱን ያጠብቃል አንዱን ያላላል። ብረት ከብረት የሚገናኝበት ላይ ሰማያዊውን ማጣበቂያ ጠብታ አድርግ። ፕላስቲክ ላይ ግን እንዳታደርግ፣ ይሰነጥቀዋል። ካቻቢቴ ደግሞ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን የተጠማዘዘ ቁልፍ ጣለው። ባለ 1.5 እና ባለ 2 ሚሊ ደህና መፍቻ ግዛ። የብሎኑ ራስ አንዴ ከተበላ፣ እሱን ለማውጣት የምትለፋው ልፋት ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ስሜን ወሰድክብኝ እኮ።

ትክክል ነው ያልከው። አንድ ልጨምርበት። ሞተሩን ፈተህ ከመለስክ ትንሹ ፒኞንና ትልቁ ጥርስ መሃል አንድ ቁራጭ ወረቀት አስገባ፣ ገፋ አድርገህ እሰር፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙረህ አውጣው። ወረቀቱ ተጨማድዶ ሳይቀደድ ከወጣ ልኩ ነው። ከጠበቀ ይጮሃል፣ ይግላል። ከላላ ጥርሱን ይልጠዋል።

የአውሮራው

ቤተሰብ፣ ወሰንኩ። ጋሼ አይቀየሙኝ፣ የሚሚን ሰማሁ። ሁለት 1:18፣ አንድ ዓይነት። ልጁ ሰማያዊ አለ፣ እኔ ሰማያዊ እንዳልወስድ ተስማምተናል። ተጨማሪ ባትሪና ስቶሬጅ ያለው ቻርጀር ሲደመር በጀቱ ውስጥ ገባ፣ ትንሽም ተረፈ። የተረፈው ለጎማ ነው። እንዳሉት መጀመሪያ ምንም ሳልነካ እነዳዋለሁ። ጣውላዋንም ጋራዥ ውስጥ አዘጋጅቻለሁ፤ ባለቤቴ ምን ልትሠራበት ነው ብላኛለች፣ ገና መልስ አልሰጠኋትም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጎልደን ላይ ድንጋዩ ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ ላይና አሸዋማው ላይ አንድ ዓይነት ጎማ ይሠራል?

ጋሽ_ብሎን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ምን እቀየማለሁ፣ ለልጅህ ነው። ሲያድግ 1:10 ይጠይቅሃል፣ ያኔ እዚሁ አለሁ።

አሸዋማው ድንጋይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይይዛል፤ እዚያ ላይ መሃከለኛ ጎማ እንኳ ይወጣል። ጥቁሩ፣ ያ የእሳተ ገሞራው፣ ጠርዙ ስለታም ነው ግን ፊቱ ሊለሰልስ ይችላል፤ ከረጠበ ደግሞ ሳሙና ነው። ለጥቁሩ ለስላሳ ጎማ ይዘህ ሂድ፣ ጥርሶቹ ጠርዝ የሚይዙለት፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ። አንድ ጎማ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ለጥቁሩ የሚሆነውን ግዛ፤ አሸዋማው ላይ ቶሎ ያልቃል እንጂ ይሠራል።

ቱርቦ_77

ሰማያዊውን 3ኤስ አድርገው

ሚሚ_ክሮለር (ዳላስ)

አታድርገው። ከመግዛትህ በፊት የኢኤስሲውን ወረቀት አንብብ፤ 2ኤስ ብቻ ከሚለው ላይ 3ኤስ ከሰካህ ጭሱን ነው የምታየው። ጎማውን ስታዝ ደግሞ ልኩን ተጠንቀቅ፣ የ1:18 ቸርኬ እንደ 1:10 1.9 አይደለም። መኪናው እጅህ ሲገባ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ እዚህ ጻፍልን፣ የሚሆነውን አብረን እንፈልጋለን።